የአደባባዩ አራሚ

ሐውልት ባለበት ከተማ ሁሉ አንድ አራሚ አይጠፋም። ማንም አይሾመውም፣ ማንም አይሽረውም።

የኛው ከተማ አራሚ ጡረተኛ ቀያሽ ናቸው። በየጠዋቱ ከፈረሰኛው ጄኔራል ሐውልት ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይሰየማሉ። የሐውልቱ አስጎብኚ በሆዷ «ክቡር አራሚ» ትላቸዋለች፤ አሥራ አንድ ዓመት አሳሯን አብልተዋታላ! ጎብኚዎቿን ሰብስባ አፏን ስትከፍት ከኋላዋ ጉሮሮ ይጠረጋል።

«ይቅርታ ልጄ፣ እዚች ጋ እናስተካክል።»

የፈረሱ ቁመት በአንድ ክንድ ይታረማል። ፎቶ ሊነሱ የመጡ ሙሽሮች «ለጄኔራሉ ጀርባ አትስጡ!» ተብለው ይዞራሉ። እርግቦቹ እንኳ ጄኔራሉ ራስ ላይ ማረፍ የተዉት የሳቸውን ተግሣጽ ፈርተው ነው ይባላል። «እኚህን ሰው የሚያነሳልኝ ባገኝ!» ትል ነበር አስጎብኚዋ፣ ከልቧ።

ታዲያ ከሐውልቱ ሥር የነበረው፣ በጦርነቱ የወደቁት ስም የተቀረጸበት ሰሌዳ ተሰንጥቆ በአዲስ እብነ በረድ ተተካ። በምረቃው ቀን የከተማው ሹም መጋረጃውን ገለጡ። ጭብጨባው ገና ሳያልቅ ጉሮሮ ተጠረገ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ እዚች ጋ እናስተካክል። የወደቁት ሰማንያ ሦስት ናቸው፤ እዚህ ያሉት ሰማንያ ሁለት።»

«አንዱ ስም ከነአባቱ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ነበር» አሉ ሹሙ ፈገግ ብለው፤ «ድግግሞሽ ነው ብለን አወጣነው።»

«ሞክሼዎች ናቸው እንጂ! አንዱ መድፈኛ፣ አንዱ የጦሩ ምግብ አብሳይ። ሁለት እናቶች አልቅሰዋል፣ ጌታዬ!»

«በሌላ ጊዜ እናየዋለን።»

ሁለት ጥበቃዎች የሽማግሌውን ክንድ ያዙ። የአስጎብኚዋ ምኞት ሊሰምር ነው። እሷ ግን እንዴት እንደደረሰች ሳታውቀው መሃል ገብታለች።

«ልቀቋቸው! ያንን ስም በየቀኑ ሁለት ጊዜ ሳነብ ነው የኖርኩት። እውነታቸውን ነው!»

ከሕዝቡ መሃል አንዲት ሴት «ይጻፍ!» አለች። ወዲያው አደባባዩ በሙሉ ተቀበላት። ሹሙ ላባቸውን ጠረጉ፤ ድንጋይ ጠራቢው ከነመሮው ተጠራ። ከግርጌ ሰፊ ቦታ ስለነበር የምግብ አብሳዩ ስም ከጄኔራሉ ስም በጎላ ፊደል ተቀረጸ። ሕዝቡ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ ቆጠረ። «ሰማንያ ሦስት!» ሲባል አስጎብኚዋ ዘለለች፣ ጮኸች፣ አለቀሰችም።

በማግስቱ ድምጿ ተዘግቶ ስለዋለ ጎብኚዎቹን ለክቡር አራሚ አስረከበች። እሳቸውም ደረታቸውን ነፍተው አስጎበኙ። መሃል ላይ ሐውልቱ የቆመበትን ዓመት ተሳሳቱ። ሰማች። ማንም እንዳይነቃባቸው ብላ ቶሎ አጨበጨበች።