አምስት ሆነው የሠሩት የበርበሬ ማድረቂያ

«እማዬ፣ አምስት ሆነን ሠርተን አንዱ ቢሳሳት ማን ነው የሚገረፈው?»

ልጄ ፌቨን ይህን የጠየቀችኝ ገና ሦስተኛ ክፍል ሳለች ነው። እኔም ከስምንተኛ ያላለፈ ትምህርቴን አገላብጬ አገላብጬ፣ «ለአስተማሪው ቅርብ የሆነው» አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

እኛ ሰዎች ኅብረት ሲባል ነፍሳችን ነው። እድሩ በኅብረት፣ ዕቁቡ በኅብረት፣ ማኅበሩ በኅብረት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ ድሮቹ መሃል ላይ ሳይገናኙ ቢቀሩ አንበሳው ምን እንደሚያደርግ የነገረን ግን የለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን፤ ሃምሳው ሰው ሁሉ «ሎሚውን ሌላው ይዞታል» ብሎ ባዶ እጁን ቢመጣስ? እሱንም የነገረን የለም።

ይህን የምላችሁ ልጃችሁ ኢንጂነሪንግ እየተማረ መጨረሻው ዓመት ላይ ለደረሰባችሁ እናቶች ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚሉት ነገር አለ። ስሙን ስትሰሙ ወረቀት ጽፈው የሚያስረክቡ እንዳይመስላችሁ፤ እኔ መስሎኝ ነበር። በቡድን ይመደቡና የሰው ችግር የሚፈታ አንድ ዕቃ አስበው፣ ነድፈው፣ ሠርተው፣ መምህራን ፊት አቁመው ያሳያሉ። እና ምን ጠብቁ መሰላችሁ? ሳሎናችሁ ጋራዥ ይሆናል። የሽቦ ቁራጭ ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር ትጠርጋላችሁ። ከልጆቹ አንዱ የሚሠራ ነው፣ አንዱ የሚናገር ነው፣ አንዱ ሁልጊዜ «መንገድ ላይ ነኝ» የሚል ነው። እምቢ ማለት የማትችለዋ ደግሞ የቡድኑ መሪ ትሆናለች። የኔዋ መሪ ሆነች።

የሚሠሩት የበርበሬ ማድረቂያ ነበር። ካዛንቺስ የነበረው ግቢያችን ፈርሶ ላንቻ ፎቅ ላይ ከተከራየን ወዲህ፣ በርበሬ ማስጫ ፀሐይ አጣሁ ብዬ ስነጫነጭ ሰምታ ነው ሐሳቡን ለጓደኞቿ የወሰደችው። አንድ የቆርቆሮ ሳጥን፣ ውስጡ ማሞቂያና ማራገቢያ፣ እንደ መሳቢያ የሚገቡ የወንፊት ትሪዎች። ኤሌክትሪኩ የፌቨን፣ ሳጥኑ ናሆም የሚባለው ልጅ ድርሻ ሆነ፤ ትሪውን፣ ማራገቢያውንና ጽሑፉን ሌሎቹ ሦስቱ ተካፈሉ። አንድ ድርጅት ደግሞ ፌቨንን «ዲግሪሽን ይዘሽ ነይ፣ ቦታሽ ይጠብቅሻል» ብሏታል። ስለዚህ እኛ ቤት ያ ሳጥን እንዲሁ ሳጥን አልነበረም። ተስፋችን በሙሉ እሱ ውስጥ ነበር የተሰጣው።

ሥራው መሃል ላይ እንደደረሰ የናሆም አባት ድንገት አረፉ። ቤታቸው እዚሁ ቡልጋሪያ ሰፈር ነው። ልጆቹ ሁሉን ነገር ጥለው ድንኳን ተከሉ፣ ወንበር ተሸከሙ፣ ጓደኛቸውን ከበው ተቀመጡ። ሳያቸው፣ እውነቴን ነው፣ «ተመስገን፣ ቡድን ማለት ይሄ ነው» አልኩ። ክፋቱ፣ በዚያው ሰሞን አማካሪ መምህራቸው «ይቺ ትሪ በርበሬ አትይዝም፣ አስፏት» ማለታቸው ነው። ትሪው ከሰፋ ሳጥኑም መስፋት አለበት። ሳጥኑ የናሆም ነው። ናሆም ፍራሽ ላይ ነው።

ፌቨን ለቅሶ ቤት ጆሮዬ ላይ ተጠግታ፣ «እማዬ፣ ልኬቱ መቀየሩን ልንገረው እንዴ?» አለችኝ።

«አንቺ! እንባው ሳይደርቅ ስለ ቆርቆሮ? ነውር አይደለም?»

ዛሬም ብትጠይቀኝ የምመልስላት ይኼንኑ ነው። እናንተስ ብትሆኑ?

ጓደኞቿም ያው እንደኛ ያደጉ ናቸው። ስልኩ እየጮኸ እንዳይረብሸው ብለው እሱ የሌለበት ሌላ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱ። አዲሱ ልኬት የተጻፈው እዚያ ላይ ነው፤ አራቱም አውራ ጣታቸውን ቀስረው ተስማሙበት። ናሆም ሲመለስ እያንዳንዳቸው በልባቸው «ሌላው ነግሮታል» አሉ። እሱ ደግሞ ብዙ ቀን መቅረቱ አሳፍሮት ኖሮ፣ ማንንም ላለማስቸገር የቀድሞውን ንድፍ ይዞ ቄራ አጠገብ ካለ ብረት ሠሪ ዘንድ ሄደ፤ ላዩ ላይ ቆሞም ሳጥኑን አሠራ። ሊያስደንቃቸው ፈልጎ፣ ዲፌንስ በሚሉት በማቅረቢያው ቀን ጠዋት ይዞት ከተፍ አለ። እንዴት ያለ ሳጥን መሰላችሁ! ብየዳው እንኳ ተዳስሶ አይታወቅም። ማሞቂያውንና ማራገቢያውን ሲገጥሙበት ግን ትሪውን ለመሞከር ጊዜ አልተረፋቸውም።

ቤተሰብ መግባት ይችላል ስለተባለ እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ፌቨን አስረዳች። እንግሊዝኛው ባይገባኝም አነጋገሯ ደስ ይላል። ከዚያ ናሆም ትሪውን አነሣና ወደ ሳጥኑ ገፋው። አልገባም። አጋደለው። አልገባም። ሁለት ጣት ያህል ተርፎ ውጭ ቀረ። ልጁ ዞር ብሎ ጓደኞቹን አያቸው፤ ጓደኞቹ ጫማቸውን ያያሉ።

አንደኛው መምህር ሲናደዱ ወደ አማርኛ ተመለሱ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ።

«እናንተ ልጆች አትነጋገሩም እንዴ? ሳጥኑን ያሠራው ማነው?»

ናሆም ከነጥቁር ሸሚዙ ወደፊት ወጣ። ገና አፉን ሳይከፍት ፌቨን ቀደመችው።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ መምህር። ልኬቱ መቀየሩን አልነገርኩትም።»

«ለምን?»

«አባቱ ሞቶበት ነበር» ማለት ሦስት ቃል ነው። ግን በሰው ፊት ያን ማለት በልጁ ሐዘን ማመካኘት መሰላት። እኔም ከኋላ ሆኜ «በይ፣ በይ» የሚል ልቤን በነጠላዬ ሸፈንኩት። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። እውነት ነው፣ አይነቅዝም። ግን አያስመርቅም።

እንደገና ሠርተው በሚቀጥለው ዙር እንዲያቀርቡ ተወሰነባቸው። የጓደኞቻቸው ምረቃ ያልፋቸዋል ማለት ነው። ፌቨን እዚያው ግቢ ውስጥ ሆና ለድርጅቱ ደወለች፤ «እንግዲህ መጠበቅ አንችልም» አሏት። በጨዋ ቋንቋ ነው ያሏት፤ አመስግና ዘጋችው።

ታክሲ ውስጥ መስኮቱን እያየች፣ «ሁላችንም ልክ ነበርን እኮ፣ እማዬ» አለችኝ። «ትሪው ልክ ነው። ሳጥኑ ልክ ነው። ማንም አልሰነፈም። በቃ እኮ!»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አልኳት። ይህ ቃል ለወትሮው ለስንቱ ቁስሌ የደረሰልኝ ነው። ያን ዕለት ግን ከአፌ ወጥቶ ከሁለታችንም ልብ ሳይገባ እዚያው ታክሲው ውስጥ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ኪዳን ላደርስ ወደ ቂርቆስ ሄድኩ። ምን ብዬ እንደምጸልይ አላወቅሁም፤ እግሬ ነው የወሰደኝ። ደጀ ሰላሙ ላይ የናሆምን እናት አስካለን አገኘኋት። ጥቁሯን ገና አላወለቀችም። ስታየኝ ግን ፊቷ በራ።

«የፌቨን እናት! እንኳን ደስ ያለሽ! ናሆሜ ነገረኝ እኮ። ‹እማ፣ አልፈናል፤ ሳጥኔን መምህራኑ ሁሉ አደነቁልኝ› አለኝ። አባቱ ሳያይለት ቀረ እንጂ…» አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ዛሬ ባልነግራት የምረቃው ዕለት ከሰው እንደምትሰማው አውቃለሁ። ያን ጊዜ እንደሚብስባትም አውቃለሁ። ልጄን ያስቀራት ይኸው ዓይነት ዝምታ መሆኑንማ ከኔ በላይ ማን ሊያውቅ?

«እንኳን አብሮ ደስ አለን» አልኳትና ጉንጯን ደጋግሜ ሳምኳት።