ሐውልቱን በስልክ የሚያጣሩት ጎረቤቴ

ደጁ ላይ ያለውን ነገር ሩቅ አገር ደውሎ የሚያጣራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤቴ አያ ተገኘ እንዲያ ናቸው። ሰሞኑን እዚሁ ከተማችን አራዳ፣ ደጃችን ላይ ያለው ሐውልት ሊነሳ ነው የሚል ወሬ በፌስቡክ መጣ። ግማሹ ሰው ሐውልቱ መንገድ ዘግቷል፣ ይነሳ ይላል፤ ግማሹ የአባቶቻችን ነው፣ አይነካ ይላል። አያ ተገኘ ከበራቸው ብቅ ቢሉ ያዩታል፤ እሳቸው ግን አዲስ አበባ ላለ ዘመዳቸው ደውለው "እውነት ተነሳ?" ይላሉ።

"አያ፣ ምነው ወጣ ብለው አያዩትም?" አልኋቸው።

"አንድ ምስክር አይበቃም፤ የእኔ ዓይን ደግሞ አንድ ምስክር ነው" አሉኝ።

የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ልጄ ለሥራ ሩቅ አገር ስትሄድ የተሰነባበትነው እዚያ ሐውልት ሥር ነው፤ "ስመለስ እዚሁ ጠብቂኝ" ብላኛለች። መንገዱ አልመች ብሏት ይኸው ሁለት ጥምቀት አለፈ። ሐውልቱ ቢነሳ የት ቆሜ ልጠብቃት?

ነጠላዬን አጣፍቼ ወረድሁ። ቆሟል። ማን ያውቃል ብዬ በእጄም ዳሰስሁት። ወዲያው ደወልሁላት።

"አለ ልጄ፣ አልተነሳም።"

ሳቀች። "ማን አጣራልሽ፣ እማዬ?"

"እኔው ነኛ፤ ከሥሩ ተቀምጫለሁ።"

ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እኔ እኮ ገና ነኝ። ቤት ግቢ፣ ይበርድሻል" አለችኝ።

እሺ አልኋት። ግን አልተነሳሁም።