ታላቁ ጊላርዶ ያረፈበት ድንጋይ

ሰዎቹ

ቦንፋቲ፦ ጡረታ የወጣ የመሬት መዝገብ ጸሐፊ። መንግሥት «ካቫሊየሬ» የሚል ማዕረግ ከሰጠው ወዲህ በስሙ ብቻ የሚጠራውን ሰው ዞሮ አያይም።

ናዛሬኖ፦ የሰፈሩ ድንጋይ ጠራቢ። ሰውነቱ ሁልጊዜ አቧራ ነው፤ የግራ ጆሮው አይሰማም።

[ፌራራ ከተማ፣ ትንሿ የሳንታ ራዴጎንዳ ቤተ ክርስቲያን። ረፋድ ነው። ወለሉ ላይ ቀይ ጨርቅ ተነጥፏል። ናዛሬኖ ጨርቁ ላይ እግሩን ዘርግቶ ዳቦ በሳላሜ፣ በደረቀ ቋሊማ፣ ይገምጣል። ቦንፋቲ ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለብሶ ይገባል፤ ያየውን ማመን ያቅተዋል።]

ቦንፋቲ፦ ተነስ! ተነስ እልሃለሁ አንተ!

ናዛሬኖ፦ ኧረ ቀስ ይበሉ ካቫሊየሬ፣ ዳቦው ሊያንቀኝ ነው።

ቦንፋቲ፦ ያንቅህ! ምን ላይ እንደተቀመጥክ ታውቃለህ?

ናዛሬኖ፦ ጨርቅ ላይ። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል ብዬ ነው።

ቦንፋቲ፦ ከጨርቁ ሥር ምን አለ?

ናዛሬኖ፦ ድንጋይ።

ቦንፋቲ፦ ከድንጋዩ ሥርስ?

ናዛሬኖ፦ [አሰብ አድርጎ] አሸዋ። ከአሸዋው ሥር ጠጠር።

ቦንፋቲ፦ ታላቅ ሰው ነው ያለው፣ ደንቆሮ! ታላቅ ሰው ደረት ላይ ተቀምጠህ ሳላሜ ትበላለህ?

ናዛሬኖ፦ ደረቱ በዚህ በኩል ነው እንዴ? [ፈቀቅ ይላል] እግሩ መስሎኝ።

ቦንፋቲ፦ ሙሉ በሙሉ ውረድ! እኩለ ቀን ላይ ምክትል ከንቲባው ከነሙዚቃ ጓዱ ይመጣል፤ ይህን ጨርቅ በገዛ እጁ ይገልጣል። እሱ ሲመጣ አንተን ከነፍርፋሪህ ያግኝህ?

ናዛሬኖ፦ በዚህኛው ጆሮዬ ይንገሩኝ ካቫሊየሬ። በዚያኛው በኩል ሲጮኹ ነፋስ ብቻ ነው የሚደርሰኝ።

ቦንፋቲ፦ [ዞሮ] በየትኛውም ብነግርህ ያው ነህ! ስማ። ይቺ ሰበካችን እስከ ዛሬ ማን ነበራት? ኮርፑስ ዶሚኒ ገዳም ያሉት መነኮሳይት የመሳፍንቱን መቃብር ለብቻቸው ይዘዋል። የመስፍኑ ሚስት ሉክሬዚያ ቦርጂያ እንኳ እነሱ ዘንድ ነው ያረፈችው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። እኛ ማን አለን?

ናዛሬኖ፦ ዳቦ ጋጋሪው ዲኖ አለ።

ቦንፋቲ፦ ዲኖ በሕይወት አለ!

ናዛሬኖ፦ ታሟል ግን።

ቦንፋቲ፦ አምላኬ! እኔ የማወራው ስለ ስመ ጥር ሰዎች ነው። አንተ ራስህ የት ነው የምትቀበረው?

ናዛሬኖ፦ የከተማው መቃብር ነዋ፣ ሬሳ የሚደረደርበት ግድግዳ ላይ። አምስተኛ ረድፍ።

ቦንፋቲ፦ አምስተኛ ረድፍ! አበባ ለማስቀመጥ መሰላል የሚለመንበት! ከተቀበርክ ሠላሳ ዓመት ሲሞላህ ያወጡህና አጥንትህን ከማንም አጥንት ጋር ይቀላቅሉታል። ከነጭራሹ እንዳልነበርክ ትሆናለህ።

ናዛሬኖ፦ ሰው አለ እዚያ። ጨዋታ አይጠፋም።

ቦንፋቲ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] እኔ እዚያ አልገባም። [ለእሱም የተያዘለት ቦታ አምስተኛ ረድፍ ነው፣ ከአንድ ብስክሌት ጠጋኝ በላይ። ይህን ለነፍስ አባቱም አልተናገረም። ሌሊት ሲነቃ ግን የሚታየው ያ መሰላል ነው።] ምክር ቤቱ ቃል ገብቶልኛል። የታላቁን ሰው መቃብር ያገኘ፣ ከታላቁ ሰው ጎን ያርፋል። ዛሬ ይፈረማል። ለመሆኑ የእኔን ጽሑፍ በትክክል ቀርጸሃል? በል አንብብልኝ።

ናዛሬኖ፦ በቃሌ ነው የያዝኩት። «ይህን ድንጋይ ማንበብ የቻለ ብቸኛው ሰው፣ ካቫሊየሬ ኤርሜኔጂልዶ ቦንፋቲ።»

ቦንፋቲ፦ «ብቸኛው» የሚለው በትልቁ ነው?

ናዛሬኖ፦ እንዳሉኝ በትልቁ። ትናንት ማታ ሰሌዳውን ከጨርቁ ጫፍ ሥር በሲሚንቶ አጣብቄዋለሁ። አምስት መቶ ዓመት አይለቅም።

ቦንፋቲ፦ ሺህ ነው ያልኩህ!

ናዛሬኖ፦ ሺህም ይቆያል። ጥልቅ አድርጌ ነው የቀረጽኩት።

ቦንፋቲ፦ የተሰበረውን ማዕዘን የሚሞላውስ ድንጋይ?

ናዛሬኖ፦ [ከከረጢቱ ጭቃ የበላው ቁራጭ ያወጣል] ይኸው። ቤት የአበባ ሸክላ ሥር የነበረ ነው። ሚስቴ ተቆጥታለች።

ቦንፋቲ፦ ከአበባ ሸክላ ሥር! ለጊላርዶ!

ናዛሬኖ፦ ጊላርዶ ማነው?

ቦንፋቲ፦ [በንቀት ይስቃል] ስድስት ወር ሙሉ ከተማው የሚያወራለትን አያውቅም! ትምህርትህ ስንተኛ ክፍል ነው?

ናዛሬኖ፦ አንደኛ። ሁለተኛን ልጀምር ስል ጦርነቱ መጣ።

ቦንፋቲ፦ እንግዲያው አንደኛ ክፍል የጨረሰ ሰው እንደሚሰማ ዝም ብለህ ስማ። [ጨርቁን ይገልጣል። ድንጋዩ በእግር ብዛት ተልጓል፤ አንድ መስመር ፊደል ብቻ ይታይበታል። ቦንፋቲ ባርኔጣውን ያወልቃል።] ይህ ድንጋይ አርባ ዓመት፣ ቄሱ ኑዛዜ በሚሰማበት የእንጨት ሳጥን ሥር ተደብቆ ነበር። ሳጥኑን ያነሳሁት እኔ፤ ያነበብኩት እኔ። እይ! የመጀመሪያው ቃል «ዴፍ» ነው። ዴፉንቶ፣ ሟቹ ማለት ነው። ቀጥሎ «ጊል»። ጊላርዶ! ከዚያ አራት ፊደላት። ኤሜ፣ ማኞ፣ ታላቁ። ኤኔ፣ ኖቢሌ፣ ክቡሩ። ኦ፣ ኦኔስቶ፣ ሐቀኛው። ፒ፣ ፕሪንቺፔ፣ ልዑሉ። መጨረሻ ላይ ኩ፣ ኤሬ፣ ኤሴ፤ ኩዊ ሪፖዛ ሴምፕሬ! «ሟቹ ጊላርዶ፣ ታላቁ፣ ክቡሩ፣ ሐቀኛው ልዑል፣ እዚህ ለዘላለም ያርፋል!»

ናዛሬኖ፦ ይሄ ሁሉ እዚህ ላይ አለ?

ቦንፋቲ፦ ለሚያነብ ሰው አለ።

ናዛሬኖ፦ ፊደል ቆጥበዋል። [ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ይለካል] ግን ካቫሊየሬ፣ በፊደላቱ መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ እኩል ነው። ቃል ሲያልቅ ሰፋ ይደረጋል እኮ። ጌታዬ ኦሬስቴ ይህን ቢያይ...

ቦንፋቲ፦ ኦሬስቴ ማን ነው?

ናዛሬኖ፦ ሙያ ያስተማረኝ። ነፍሱን ይማርና እጁ ከባድ ነበር።

ቦንፋቲ፦ እኔ ስለ ልዑል እነግርሃለሁ፣ አንተ ስለ ጠራቢ ታወራለህ!

ናዛሬኖ፦ [ጣቱን አንዱ ፊደል ላይ አድርጎ፣ በሌላው እጁ ሳያውቀው ግራ ጆሮውን ይይዛል] ይቺ ኤኔ ተገልብጣለች።

ቦንፋቲ፦ አየሃት? ሊቃውንቱ ሁሉ ዓይናቸው ሥር ቢሆን ያልፏት ነበር። ጊላርዶ ቁስጥንጥንያ የኖረ ሰው ነው። የዚያ አገር ሰዎች ፊደል እንዲህ ይገለብጣሉ።

ናዛሬኖ፦ እኔም ልጅ ሳለሁ እንዲህ እገለብጣት ነበር።

ቦንፋቲ፦ አንተ ስላላወቅህ ነው፤ እሱ ስላወቀ ነው!

ናዛሬኖ፦ እኔማ በሷ የተነሳ ነው ጆሮዬን...

ቦንፋቲ፦ ስለ ጆሮህ ማን ጠየቀህ? ስለዚህ ሰው ሦስት መቶ ገጽ ጽፌያለሁ። ሁለት ሚስቶች እንደነበሩት ደርሼበታለሁ።

ናዛሬኖ፦ ሚስቶቹ የት ጋ ነው የተጻፉት?

ቦንፋቲ፦ ኖቢሌ ከተባለ ሚስት አለው፤ ክቡር ሰው ወንደላጤ አይሆንም። ኦኔስቶ፣ ሐቀኛ ከተባለ ደግሞ፣ ለመጀመሪያዪቱ ስለ ሁለተኛዪቱ ነግሯታል ማለት ነው። ካልነገራት በምን ሐቀኛ ይባላል?

ናዛሬኖ፦ [ተገርሞ] ትምህርት ደግ ነገር ነው።

ቦንፋቲ፦ በል አሁን ቁራጩን ግጠምና ጥፋ። ጊዜ የለንም።

[ናዛሬኖ ቁራጩን ማዕዘኑ ላይ ያስቀምጠዋል። አይገጥምም። ይገለብጠዋል። አሁን ጠቅ ብሎ ይገባል፤ ፀጉር የሚያህል ክፍተት እንኳ አይቀርም።]

ናዛሬኖ፦ ኧረ! ያለ መሮ ገጠመ።

ቦንፋቲ፦ ምን ማለትህ ነው?

ናዛሬኖ፦ እንደ ጥርስ ነው የገባው። [ምራቁን እንትፍ ብሎ ጭቃውን በእጅጌው ይጠርጋል] እንዲያውም ጽሑፍ አለበት። አይ... አይ እንግዲህ! አሁን ገባኝ። ካቫሊየሬ፣ ይሄ ድንጋይ እኮ...

ቦንፋቲ፦ [ገፍትሮት ይንበረከካል] ዞር በል! ፊደል! የጎደለው ቁራጭ ነው! የት አገኘኸው?

ናዛሬኖ፦ ነገርኩዎ፣ ቤቴ። ግን ካቫሊየሬ፣ ይሄ...

ቦንፋቲ፦ አርባ ዓመት ታሪክ ላይ አበባ ስታጠጣ ኖርክ! ዝም በል፣ ላንብብ። [ጣቱን ፊደሎቹ ላይ ያስኬዳል] አ! አቬ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። ቢ! ቤያቶ፣ ብፁዕ። ቺ... ካቫሊየሬ! ናዛሬኖ፣ «ሰላም ላንተ ይሁን፣ ብፁዕ ካቫሊየሬ!» እሱም ካቫሊየሬ ነበር! እንደ እኔ! [እንባው ይወርዳል። አምስተኛው ረድፍ፣ መሰላሉ፣ ብስክሌት ጠጋኙ፣ ሁሉም ከፊቱ ተነው ሲጠፉ ይታየዋል።]

ናዛሬኖ፦ ካቫሊየሬ፣ አንድ ጊዜ ሳይተረጉሙ ያንብቡት። ፊደሉን ብቻ። ከጫፍ ጀምረው።

ቦንፋቲ፦ አንተ ልታስተምረኝ ነው? እሺ፣ ስማ! አ፣ ቢ፣ ቺ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኤፌ፣ ጂ፣ አካ፣ ኢ፣ ኤሌ፣ ኤሜ... [ድምፁ ይቀጥናል። ከአፉ የሚወጣው ነገር ዜማ እንዳለው ይሰማዋል። ዜማውን ያውቀዋል። የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ፣ አጭር ሱሪ ለብሶ፣ ከክፍሉ ልጆች ጋር ሲጮኸው የነበረ ነው።]

ናዛሬኖ፦ [ዜማውን ተቀብሎ] ኤኔ፣ ኦ፣ ፒ፣ ኩ፣ ኤሬ፣ ኤሴ! ቲ፣ ኡ፣ ቩ፣ ዜታ ያለበት ቁራጭ የዶሮዎቹ ውኃ መጠጫ ሥር ነው። እሱንም ላምጣው?

ቦንፋቲ፦ [ከተንበረከከበት ሳይነሳ] ይሄ... ይሄ ምንድን ነው?

ናዛሬኖ፦ የፊደል መለማመጃ ድንጋዬ። ኦሬስቴ ዘንድ የገባሁ ጊዜ የቀረጽኩት። ጫፎቹ ተሰብረው ቤት ቀሩ። ኤኔዋን ብገለብጣት በጥፊ አለኝ፣ ይሄው ጆሮዬ። በጦርነቱ የዚህ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ወርዶ ወለሉን ሲሰባብረው ያገኘነውን ድንጋይ ሁሉ አምጥተን ደፈንን። «የአንተንም አስገባው፣ ፊደሉን ግን ወደ ታች አድርገው» ብሎኝ ነበር አሉ።

ቦንፋቲ፦ ታዲያ ለምን ወደ ላይ አደረግኸው?

ናዛሬኖ፦ በግራ ጆሮዬ ነዋ የነገረኝ።

ቦንፋቲ፦ ከጥፊው በኋላ!

ናዛሬኖ፦ ከጥፊው በኋላ።

ቦንፋቲ፦ እና ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከኝም፣ ከሃዲ?

ናዛሬኖ፦ ጨርቅ አልብሰው ሰው አያስጠጉ! ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ልናገር ስልም አንደኛ ክፍል ነህ፣ ዝም ብለህ ስማ አሉኝ። እዚህ ድንጋይ ላይ ያለው ደግሞ አንደኛ ክፍል ብቻ ነው።

[ከሩቅ መለከትና ከበሮ ይሰማል። ቦንፋቲ ብድግ ይላል።]

ቦንፋቲ፦ መጡ! ንቀለው! ድንጋዩን ንቀለው!

ናዛሬኖ፦ በመሮ ሁለት ቀን ይፈጃል።

ቦንፋቲ፦ የእኔን ጽሑፍ ንቀልልኝ እሺ! ስሜን!

ናዛሬኖ፦ ሺህ ዓመት ነው ያሉኝ። ሲሚንቶው ደርቋል።

[ቦንፋቲ ወደ ታች ያያል። አ፣ ቢ፣ ቺ ብሎ የሚጀምረው መስመር ከላይ አለ። ከሥሩ በጥሩ እጅ፣ በጥልቀት ተቀርጾ፦ «ይህን ድንጋይ ማንበብ የቻለ ብቸኛው ሰው።»]

ቦንፋቲ፦ ጨርቁን! ጨርቁን መልሰው!

ናዛሬኖ፦ ጨርቁንማ ሊገልጡ ነው እኮ የሚመጡት። [አዝኖለት] አይዞዎ ካቫሊየሬ። አምስተኛ ረድፍም መጥፎ አይደለም። ጎረቤት እንሆናለን።

ቦንፋቲ፦ ምን? አንተ... ማን ነገረህ?

ናዛሬኖ፦ ሚስትዎ አምና አዘውኝ፣ ስምዎ ተቀርጾ ካለቀ ቆየ። ቀኑ ብቻ ነው የቀረው። ብስክሌት ጠጋኙም ደግ ሰው ነበር።

[ሙዚቃው በሩ ላይ ይደርሳል። ቦንፋቲ ወደ ግራ ያያል፣ ወደ ቀኝ ያያል። በድንገት ኮቱን ዘርግቶ ፊደሎቹ ላይ ዘፍ ይላል።]

ቦንፋቲ፦ ዳቦ ተርፎሃል?

ናዛሬኖ፦ ግማሽ።

ቦንፋቲ፦ አምጣ! ቶሎ! [ነጥቆ ይገምጣል፤ ለማረፍ የተቀመጠ ሰው ለመምሰል እግሩን ይዘረጋል። በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። ምክትል ከንቲባው፣ ቄሱ፣ የሙዚቃ ጓዱ፣ ግማሹ ሰፈር ይገባል። ሙዚቃው ይቆማል። የሚሰማው የቦንፋቲ ማኘክ ብቻ ነው።]

ናዛሬኖ፦ [ቆቡን አውልቆ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እንዲሰማው ጮክ ብሎ] ኧረ ካቫሊየሬ፣ ነውር ነው፣ ይነሱ! ታላቅ ሰው ደረት ላይ ተቀምጠው ሳላሜ ይበላሉ?