በበዓለ ሃምሳ የጾመ ከሃዲ

ሃይማኖተኛ ሰው ቀልድ አያውቅም! ቀልድ ከማያውቅ ሰው ጋር ደግሞ ለቅሶ ይደርሱ ይሆናል እንጂ አይዛመዱም።

ቆይ፣ ቆይ... ጋዜጣውን አትጠቅልሉት! ይህን የምለው ዛሬ አይደለም። እስካለፈው ፋሲካ ድረስ ግን አጥብቄ አምንበት ነበር። አዎ፣ "አምንበት ነበር" ነው ያልኩት። በምንም አላምንም እያለ በሆዱ የሚፎክር ሰውዬ፣ "ሃይማኖተኛ ሁሉ ኮስታራ፣ ቁጡና ግብዝ ነው" የምትለዋን አንቀጽ ብቻ ያለ አንዳች ማስረጃ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀብሎ ይኖር ነበር።

የተወለድኩት ናዝሬት ነው። አባቴ የአብዮቱ ዘመን ካድሬ ስለነበረ በቤታችን ጾም የሚገባው የደመወዝ መዳረሻ ሳምንት ላይ ብቻ ነበር። አድጌ ፊዚክስ ተማርኩ፤ ዕጣ ሞጣ ጣለኝና መምህር ሆንኩ። ሞጣ ላይ አለማመኔን እንደ ኪንታሮት ነበር የያዝኩት፤ እኔም አላወራው፣ ሰውም አይጠይቀኝ። ነጠላ ያጣፋ ሽማግሌ ከሩቅ ካየሁ ሊሰብከኝ ነው ብዬ መንገድ እሻገራለሁ። ቄስ ከመጣ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ከማንም ጋር እጨቃጨቃለሁ። አከራዬ ሐጂ ሰይድ፣ የሞጣ ገበያ ያሳደጋቸው የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ እሳቸው ለሶላት ውዱእ ማድረግ ሲጀምሩ ደግሞ "አሁን ሊጠሩኝ ነው" ብዬ በሬን እቆልፋለሁ። ለዓመታት አንድም ቀን አልጠሩኝም። እውነቱን ልንገራችሁ? እሱም ያናድደኝ ነበር!

ታዲያ "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" አይደል የሚባለው? ፍቅር ያዘኝ። ስንዱ ሞጣ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ሳቋ ከመርፌዋ በፊት ይደርሳል። አገሯ ቢቸና ነው። አባቷ... ልብ በሉልኝ... መሪጌታ ልየው! ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ሰፈሩ በሙሉ "የኔታ" የሚላቸው ሰው።

ስንዱ አለማመኔን ታውቃለች። እሷ ታምናለች፤ በዚህ ተጣልተን አናውቅም።

"ለአባቴ እውነቱን ንገራቸው" አለችኝ።

"አብደሻል? መሪጌታ ናቸው እኮ! ቢደግሙብኝስ?"

"አባቴ በሰው ላይ አይደግሙም!"

"ካወቁ አይሰጡኝም።"

"እንግዲህ እኔም ቁርጡን ልንገርህ፤ ያለ አባቴ ምርቃት ከዚያ ቤት አልወጣም።"

ሽማግሌ ላክሁ። ከሽማግሌዎቹ ዋናው ሐጂ ሰይድ ነበሩ፤ ሞጣ ላይ የሳቸውን ቃል የሚመልስ ሰው የለም። የኔታ ግን መለሱ! "ልጁን ሳላይ አፌን አልከፍትም። ረቡዕ ይዛችሁት ኑና እንጀራ እንቁረስ" አሉ።

ረቡዕ! እኔ ደግሞ በሆዴ "አገኘኋቸው!" አልኩ። ስልኬን ከፍቼ የኦርቶዶክስን ጾም ፈለግሁ። የመጀመሪያው መስመር "ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ" ይላል። በቃኝ! ከዚያ በታችም ጽሑፍ ነበር፤ ወደ ታች ገፍቶ የሚያነብ ጠፋ እንጂ። ይህ ሰውዬ ተማሪዎቹን "ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አንብቡ!" እያለ የሚቆጣው ሰውዬ ነው። ጥቁር ማተብ ገዛሁ፣ ነጠላ ገዛሁ፤ ረቡዕ ማለዳ እንደ ደብር አስተዳዳሪ ተጀንኜ ከቤት ስወጣ ሐጂ ሰይድ በር ላይ ቆመዋል።

"ኢና ሊላሂ! መምህር፣ ማን ሞተብህ?"

"ኧረ ማንም አልሞተም! ቢቸና ልንሄድ አይደል?"

"እና ጥለቱን ወደ ላይ ያደረግኸው ምነው? እንዲህ የሚለበሰው ለለቅሶ ነው እኮ!"

ነጠላውን ገልብጠው በትክክል አለበሱኝ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ መምህር" አሉ።

እስኪጠራ እኔ አግብቼ እጨርሳለሁ ስል አሰብኩ።

ሚኒባሱ ግንደወይን ላይ ለቁርስ ቆመ። ሾፌሩ መስታወቱ ላይ የእመቤታችንን ሥዕል ያንጠለጠለ፣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ደግሞ በአንገታቸው ትልቅ መስቀል ያሰሩ ናቸው። ታዲያ ምን ቢያዙ ጥሩ ነው? ጥብስ! ተሳፋሪው ሁሉ ጥብሱ ላይ ተረባረበ። እኔ ዓይኔን ማመን አቃተኝ... መቼም ማመን ላይ ጎበዝ አይደለሁም።

"አዩልኝ ሐጂ? ረቡዕ ነው እኮ! በደረታቸው መስቀል፣ በአፋቸው ሥጋ! ግብዝ ሁላ! ድሮም እል ነበር!"

ሐጂ ከቤታቸው የያዙትን ዳቦ እየቆረሱ "አንተስ ምነው አትበላ?" አሉኝ።

"ጾመኛ ነኛ!"

ማኘካቸውን አቁመው አዩኝ። የሆነ ነገር ሊናገሩ ነበር፤ ተውት። እኔም በባዶ ሆዴ፣ በኩራት ተነፍቼ ተሳፈርኩ።

የኔታን ግዙፍ፣ ጢማቸው ደረት የሚደርስ፣ ድምፃቸው ጣራ የሚያነሣ ሰው አድርጌ ነበር የምስላቸው። ቀጭን፣ አጭር፣ ጭራቸውን እያወዛወዙ ከበር የሚቀበሉ ሽማግሌ ሆነው ተገኙ። አጠገባቸው ባለቤታቸው እማማ ጥሩ በፈገግታ ቆመዋል። ገብተን ተቀመጥን። አሁን ስብከቱ ይጀመራል ብዬ ጠበቅሁ፤ የኔታ ግን ስለ መንገዱ ጠየቁኝ።

"መንገድ እንዴት ነበር ልጄ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን!"

"ማስተማሩስ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን!"

"ሞጣ ዘነበ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን!"

"እሱስ ይመስገን... ዘንቧል ማለት ነው አልዘነበም?"

ላብ አጠመቀኝ።

ማዕድ ቀረበ። ለሐጂ ማርና ዳቦ ለብቻቸው ቀረበላቸው፤ ለኛ ዶሮ ወጥ። ከሞጣ ጀምሮ ባዶ የሆነው ሆዴ ጮኸ። የኔታ እጃቸውን ታጥበው፣ ባርከው፣ ከመልካሙ ሥጋ ጠቅልለው ወደ አፌ ዘረጉ። "እንካ ልጄ!"

የጠበቅኋት ደቂቃ! እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ፣ ዓይኔን በትሕትና ወደ መሬት ጣልሁና እንዲህ አልኩ።

"ይማሩኝ የኔታ... ረቡዕ ነው። እኔ ጾም አልገድፍም።"

እማማ ጥሩ አማተቡ። ጉርሻው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ወጡ ጠብ... ጠብ ይላል። የኔታ ቀስ ብለው ጉርሻውን ወደ ራሳቸው አፍ መለሱት። አላመጡት፣ ዋጡት።

"ፋሲካን የት ዋልክ ልጄ?"

"እዚያው ሞጣ፣ የኔታ።"

"ሞጣ ላይ ጌታ መነሣቱን አልነገሩህም?"

ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። "ኧረ የኔታ፣ ከበሮው እኛንም እንቅልፍ ነስቶን ነው ያደረው!" አሉ በመከራ።

እኔ ብቻ አልገባኝም። ከዋዜማው ጀምሮ ቤተሰቦቿ ጋ የገባችው ስንዱ ከጓዳ ብቅ አለች፤ ፊቷ በርበሬ መስሏል። "በዓለ ሃምሳ ነው አንተ! ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም! ይህን ሕፃን ያውቀዋል!"

እናንተዬ... መሬት ብትከፈት እንዴት ደስ ባለኝ! ግንደወይን ላይ ግብዝ ያልኳቸው ሰዎች በሙሉ ሥርዓታቸውን ጠብቀው ነበር ለካ ጥብሱን የሚበሉት። በዚያ ሚኒባስ ውስጥ ግብዝ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ቁርስ አልበላም።

"ከመጠምጠም መማር ይቅደም" አሉ የኔታ። "በል አሁን ጥምጥሙን አውርደውና ንገረኝ። ነገሩ ምንድን ነው?"

ወደ ስንዱ አየሁ። እሷም ታየኛለች። "አላምንም፣ የኔታ" አልኩ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። "ልጅዎን እንዳይከለክሉኝ ፈርቼ ነው እንዲህ የሆንኩት።"

እርግማኑን ጠበቅሁ። ጭራውን ጠበቅሁ።

"ከሞጣ ጀምሮ እህል አልቀመስክም?"

"አልቀመስኩም።"

"ውኃስ?"

"ውኃም የሚከለከል መስሎኝ..."

የኔታ ሳቁ! እንባቸው እስኪፈስ፣ ጭራቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ! ሐጂማ ተከፍቶ እንደ ተለቀቀ ቧንቧ ሆኑ። እኔም አብሬ ልስቅ አፌን ስከፍት የኔታ ሳቃቸውን ገታ አድርገው ጭራቸውን አነሡ።

"ስማኝ ልጄ። አለማመንህን ከሱ ጋር ትጨርሱታላችሁ። እኔ አዝናለሁ፣ ግን አልቆጣህም። ውሸትህ ግን ከልጄ ጋር አንድ ቤት ሊገባ ነው። እሱን አልድርም። በሰኔ ተመለሱ፤ ያኔ እናያለን።"

እማማ ጥሩ ብላ ብላ ቢሉኝም ከእፍረት የተነሣ አንድ ጉርሻ አልቀመስኩም። ስንዱ እስከ በር እንኳ አልሸኘችኝም። ያን ቀን ስንመለስ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ፣ ልጅቷን በገዛ እጄ እንዳጣኋት እያሰብኩ ነበር። በመጨረሻ ወደ ሐጂ ዞርኩ።

"ሐጂ፣ ግንደወይን ላይ ለምን አልነገሩኝም?"

"ስለት መስሎኝ! የሰው ስለት ይጠየቃል እንዴ?"

"አለማመኔንስ ያውቁ ነበር?"

"ቤቴ ከገባህ ጀምሮ።"

"ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ምነው ሳይመክሩኝ?"

"ምን ላድርግ? በር ትቆልፋለህ!"

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡም ጀመረ። በዚህ ጊዜ ነጠላ የለ፣ ማተብ የለ፤ በሰልፍ ሜዳ ላይ በምለብሳት ጃኬቴ ከሐጂ ጋር ቢቸና ገባሁ። የሐዋርያት ጾም መሆኑን ግን አውቄያለሁ፤ ገጹን እስከ መጨረሻው ገፍቼ ነው ያነበብኩት! ማዕድ ሲቀርብ ለየኔታ ሽሮ፣ ለእማማ ጥሩ ሽሮ፣ ለስንዱ ሽሮ፣ ለሐጂም ሽሮ። እኔ ፊት አንድ ሳህን ዶሮ ወጥ!

"የኔታ... ይህ ምንድን ነው? ጾም አይደለም እንዴ?"

"የኛ ነዋ! አንተ ጀመርክ እንዴ?"

"ኧረ አልጀመርኩም።"

"እንግዲያ ብላ። በኛ ጾም እንግዳ አይራብም።"

አስቡት እስኪ! መሪጌታውና ሐጂው ሽሮ ከበው፣ ከሃዲው ብቻውን ዶሮ ፊት ተጎልቷል። ከዚያ ደግሞ የኔታ እጃቸውን ሰደዱ። ራሳቸው እስከ ሐምሌ አምስት ድረስ የማይቀምሱትን ሥጋ በገዛ ጣቶቻቸው ፈልፍለው፣ ጠቅልለው፣ ያችኑ የግንቦት ጉርሻ መልሰው ዘረጉልኝ። "እንካ ልጄ!" አፌን ከፈትኩ፤ ጎረስኩ...

ጨው!!

ወገኖቼ፣ የአፍዴራ ሐይቅ ከነጨዉ ተገልብጦበታል! ለካ እማማ ጥሩ ጾመኛ ናቸው። ወጡን ሠርተውታል እንጂ አልቀመሱትም። በዚያ ቤት የሚቀምስ ሰው አልነበረማ! ምላሴ ተቃጠለ፣ ጆሮዬ ጮኸ። በዚያው ቅጽበት የኔታ ጎንበስ ብለው ጠየቁኝ።

"እህ... ጣፈጠህ?"

እማማ ጥሩ እጃቸውን አጣምረው፣ ፈገግ ብለው ቃሌን ይጠብቃሉ። በጾም፣ ለእኔ ብለው፣ ምድጃ ዳር የዋሉ ሴት ናቸው። "ጣፍጧል" ብል ማን ይጎዳል? ደግሞስ የወጥ ውሸት ውሸት ነው? ከየኔታ ትከሻ በላይ ስንዱን አየኋት። እንጀራዋን ይዛ ቀርታለች፤ አትቆርስም፣ አትጎርስም።

"የኔታ" አልኩ፣ "ጨው... በዝቶበታል።"

እማማ ጥሩ አፋቸውን ያዙ። ሐጂ ሽሮው ውስጥ የጠፋ ዕቃ የሚፈልጉ ይመስል አቀረቀሩ። የኔታ ወደ ሐጂ ዞሩ።

"ሐጂ፣ ልጄን ሰጥቻችኋለሁ። ተክሊል ግን የለም፤ ቤተ ክርስቲያን መጫወቻ አይደለችም። በሰማንያ ይጋቡ።" ወደ እኔም ተመለሱ። "እኔ ደግሞ ስላንተ መጸለዬን አልተውም። አትከለክለኝም!"

"አልከለክልዎትም፣ የኔታ።"

ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጨዉም አለበት፤ ጨው ብቻ ግን አልነበረም።

ይኸውላችሁ አሁን ተጋብተናል። እኔ እስከ ዛሬ አላምንም፤ የኔታም እስከ ዛሬ ይጸልያሉ፤ በሬንም አልቆልፍም። ሃይማኖተኛ ቀልድ አይችልም ያልኩትን ቃል አንስቻለሁ። የኔታ አለማመኔን ችለውታል፤ ውሸቴንም ይቅር ብለውኛል። ወጥ የነቀፈን አማች ይቅር የሚያስብል ሃይማኖት ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ቢቸና በሄድን ቁጥር ለሁሉም የጣፈጠ ወጥ ይቀርብና፣ ለእኔ ብቻ ጨው የሚባል ነገር በአጠገቡ ያላለፈ አልጫ ይመጣልኛል።

"ጣፈጠህ ልጄ?" ይሉኛል እማማ ጥሩ፣ ፈገግ ብለው።

እኔ ደግሞ ላልዋሽ ቃል ገብቻለሁ... ዝም ላልል ግን አልገባሁም!