የሰባተኛው ሥዕል ምልክቶች በድምፅ ብልጫ ሲተረጎሙ

ለቅዳሜው ኤግዚቢሽን ከቀረቡት ሥዕሎች ሰባተኛው እስካሁን አልተሰቀለም።

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡00።
ቦታ፦ የሥዕል አዳራሹ ዕቃ ቤት (የስብሰባው ክፍል ቀለም እየተቀባ ስለሆነ)።
የተገኙ የኮሚቴ አባላት፦ ሰብሳቢው፣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዋ፣ አናጢው። ከአምስት ሦስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።
ድምፅ የመስጠት መብት ሳይኖራቸው የተገኙ፦ ሠዓሊዋ፤ እንዲሁም ሊሸኟት መጥተው ወንበር የተሰጣቸው ልብስ ሰፊ እናቷ።

1. የምልክቶቹ ትርጉም

በደንቡ መሠረት መግለጫ የሌለው ሥዕል አይሰቀልም። ሠዓሊዋ ጨርቅ፣ ወረቀትና ቀለም አዋህዳ በሠራችው ሥዕል ላይ ያሉት ምልክቶች የግል ቋንቋዋ እንደሆኑና እንደማትተረጉማቸው አስታወቀች። ኮሚቴው ለመግለጫው በድምፅ ብልጫ እንዲተረጉማቸው ተወሰነ።

ክቡ “አንድነት” እንዲባል በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጥርስ ጥርስ ያለውን መስመር ኃላፊዋ “የኑሮ ውጣ ውረድ” ስትለው፣ አናጢው “መጋዝ ነው! መጋዝ ለእኔ ልትነግሪኝ ነው?” አለ። ከረጅም ውይይት በኋላ “የኑሮ መጋዝ” በሚል ታረቁ።

እናትየው ሳቁ። ሰብሳቢው የሚያስቀውን ለጉባኤው እንዲያስረዱ ጠየቋቸው።

“ውይ፣ ይቅርታ። አንድነት ያላችሁት ቁልፍ የሚተከልበት ነው። መጋዙም ጫፉ እንዳይተረተር ይዘምዘም ማለት ነው። ልብስ ስሰፋ ጨርቁ ላይ የማደርጋቸው የጠመኔ ምልክቶች ናቸው እኮ።”

“እማዬ! ስምንት ዓመት ሙሉ የራሴ ቋንቋ ነው ስል!”

“ከስፌት መኪናዬ ሥር ስትድሂ አድገሽ፣ ልጄ፣ ከየት ልታመጪው ኖሯል?”

ሠዓሊዋ ከኤግዚቢሽኑ መውጣቷን ገልጻ ሥዕሉን ከላይ በኩል መጠቅለል ጀመረች።

2. ልክ

እናትየው ምልክቶቹን ማንበብ ቀጥለው ሥዕሉ ባለ አንድ እጅጌ ኮት መሆኑን አረጋገጡ። አናጢው በልብስ መስቀያ እንዲንጠለጠል ያቀረበው ሐሳብ ሁለት ለአንድ ጸደቀ። ሰብሳቢው ኮቱ ለእርሳቸው ልክ ይሆን እንደሆነ ጠየቁ። እናትየው በዓይናቸው ለክተው “ሆድዎ ላይ ይይዝዎታል” አሉ። ይህ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ታዝዟል።

እናትየው ታችኛው ጥግ ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው አዩ።

“ይቺ ሰማያዊዋ ምንድን ናት? እኔ እንዲህ ያለ ምልክት የለኝም።”

ሠዓሊዋ መጠቅለሏን አቆመች። “የለሽም? እርግጠኛ ነሽ?”

“አርባ ዓመት ስሰፋ አይቻት አላውቅም።”

ሠዓሊዋ በደስታ ሁለት ጊዜ መዝለሏ ተመዝግቧል።

ኃላፊዋ ሰማያዊዋ “ተስፋ” እንድትባል ሐሳብ አቀረበች። እናትየው “ተይ እህቴ፣ እሷን አትንኩባት!” ሲሉ ድምፅ የመስጠት መብት ባይኖራቸውም ተቃወሙ። ሐሳቡን የደገፈ አልተገኘም።

3. ውሳኔ

“አንድነት”፣ “የኑሮ መጋዝ” እና መስቀያው፣ ከኮሚቴው የመተርጎም ሥልጣን ጋር በሙሉ ድምፅ ተሽረዋል። ስብሰባው 11፡20 ላይ ተበትኗል። ሠዓሊዋ ከኤግዚቢሽኑ መውጣቷን ሰርዛ፣ የጠቀለለችውን ፈትታ ሥዕሉን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ትታለች።

ኤግዚቢሽኑ ቅዳሜ ይከፈታል። ደንቡን ለማለፍ አራት ድምፅ ስለሚያስፈልግና የተገኙት ሦስት ብቻ ስለሆኑ፣ ሥዕሉ ያለ መግለጫ ይሰቀል ወይስ አይሰቀል የሚለው ሐሙስ ጠዋት 4፡00 ላይ ይወሰናል።