ከመጨረሻው ቀጥሎ

[ሱዳን፣ ኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ፣ ከውሃ ቦኖው አጠገብ ካለች ዳስ ሥር። ጋረደው ከሰዓት በኋላ የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ ፈተና አለበት፤ ከወደቀ ከኮርሱ ይሰናበታል። ጓደኛው ባንታምላክ ኮርሱን ቀድሞት ጨርሷል፤ ከጨረሰ ወዲህ ደግሞ የማያውቀው ነገር የለም። ጀሪካናቸው ወረፋ ይዟል፤ ላፕቶፑ ጉልበታቸው ላይ ነው።]

ጋረደው፦ አትቆጣኝ እንጅ። የቃሉን መጨረሻ ፊደል አምጣ አልኩት፣ ፕሮግራሙ ቀጥ አለ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?

ባንታምላክ፦ «ኤንድ» ላይ ያለውን አምጣ አልከዋ።

ጋረደው፦ ኤንድ መጨረሻ አይደል?

ባንታምላክ፦ ነው፤ ግን የመጨረሻው ፊደል አይደለም። «ባሱንዳ» ብለህ ጻፍክ እንበል። ኤንድ የት ይቆማል?

ጋረደው፦ «ዳ» ላይ።

ባንታምላክ፦ ከ«ዳ» ወዲያ ነው የሚቆም።

ጋረደው፦ ከባሱንዳ ወዲያማ የአገራችን ድንበር ነው።

ባንታምላክ፦ እሱን እኮ ነው የምልህ። ደርሰህ ትቆማለህ እንጅ አትገባበትም። ባዶ ቦታ ነው።

ጋረደው፦ ባዶ ከሆነ ምን ሊረባ አስቀመጡት?

ባንታምላክ፦ ቃሉ ማለቁን እንድታውቅበት። ፊደሉን ከፈለግህ ከዚያ አንድ ትመለሳለህ።

ጋረደው፦ [ወረፋውን እያየ] አሃ። ውሃ ጠባቂዋ «ከዚህ በኋላ ወረፋ ማፊ፣ የለም» ስትል ከሁሉ ኋላ እንደምታቆመው እንደ ቀዳዳው ጀሪካን?

ባንታምላክ፦ አንተ ዞል፣ ምን ዓይነት ሰው ነህ፣ እኔ ሲ ፕላስ ፕላስ አስተምርሃለሁ፣ አንተ ጀሪካን ታወራለህ።

[የሰዉ ሁሉ ተቀድቶ ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች ብቻ ቀሩ። ውሃ ጠባቂዋ ትጣራለች።]

ጋረደው፦ ተራችን ደረሰ። ልሂድ?

ባንታምላክ፦ ተቀመጥና አጥና። የኛ የመጨረሻው አይደል? አላጣውም።

[ሄደ። ጋረደው እየፈራ እየተባ አንዲት መስመር አስተካከለ። ባንታምላክ ሲመለስ ሱሪው ከጉልበቱ በታች ርሷል፤ የያዘው ጀሪካን ግን ባዶ ነው፤ ከሥሩ ይንጠባጠባል።]

ጋረደው፦ ምነው ባንቴ?

ባንታምላክ፦ እንጃ። ብቀዳ፣ ብቀዳ አልሞላ አለኝ። ሰዉ ደግሞ ይስቃል።

ጋረደው፦ [ጀሪካኑን አገላብጦ ካየ በኋላ] አንድ መመለስ ነበረብህ።

[ባንታምላክ ቦኖው ጋ የቀረውን የራሳቸውን ጀሪካን ዞሮ አየ። ጋረደው ላፕቶፑን ዘጋ።]

ጋረደው፦ በል ተነሥ፣ ከእኔ ጋር ፈተና ትገባለህ።

ባንታምላክ፦ ሱሪዬን ልቀይር እንጅ መጀመሪያ።

ጋረደው፦ ኧረ እንዳትቀይር። ፈታኟ መምህርት ብፅአት «ኤንድ ላይ ያለውን አምጣ ያለ ሰው ምን ይሆናል?» ብለው ከጠየቁኝ አንተን ነው የማሳያቸው።