በረዶ ላይ ሣር አይበቅልም

ሰው አገር ሲቀይር መጀመሪያ የሚያስቸግረው ምግቡ ነው ይባላል። እኔ አልስማማም። ምግብ ቢመርም ይዋጣል፤ ቋንቋም ቢሆን እየተንተባተቡ ይገፋል። ክፉው ነገር፣ እጃችሁ ያወቀው ሥራ በሌላ ደንብ ሲሠራ ማግኘት ነው። ከጎጃም ተነሥቼ ለማስተማር አርባ ምንጭ የመጣሁ ጊዜ ጠመኔው ያው ጠመኔ፣ ሰሌዳው ያው ሰሌዳ ነበር። ነገር ግን እንዳገሬ ልማድ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስቆጣ ተማሪዎቼ በመፍራት ፈንታ ያዝኑልኝ ጀመር፤ መምህሩን ምን ነካቸው በሚል ዐይን። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ያሉት አባቶች ያለ ነገር አይደለም።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ጎረቤቴ አማች ልነግራችሁ ብዬ ነው።

ጎረቤቴ አቶ ጎዳና የገረሴ ሰው ናቸው። ከደጋው ወርደው እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ከሰፈሩ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ በቤተ ክርስቲያናቸውም በጋሞ ሽማግሌዎችም ዘንድ ቃላቸው ይሰማል። ልጃቸው ምሕረት ለትምህርት ፊንላንድ ሄዳ ኤሮ የሚባል ቁመተ መለሎ ፈረንጅ አገባች። ሥራው ምንድነው ብንላት፣ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ነው አለችን። እኔ የገና ጨዋታ ስጫወት ያደግሁ ስለሆንኩ ቶሎ ገባኝ። ቆልማማ ዱላ አለ፣ ሩር የምንላት ኳስ አለች፣ ግብ አለ። ልዩነቱ፣ እነሱ ጫማቸው ሥር ስለት ገጥመው በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ መጫወታቸው፣ ሩራቸውም ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ መሆኗ ነው።

«በረዶውን ማን ያወርድላቸዋል?» አሉ አቶ ጎዳና።

«ራሳቸው ናቸው የሚሠሩት፣ አባባ።»

«ሆን ብለው?»

በረዶ ገብሱን እንዳይመታበት ሲጸልይ የኖረ የገረሴ ገበሬ፣ አዳራሽ ሠርቶ በረዶ የሚያነጥፍ ሕዝብ መኖሩን ሲሰማ ምን ይበል?

ባለፈው ክረምት ባልና ሚስቱ ሊጠይቁን መጡ። ኤሮ ባገሩ ስመ ጥር ተጫዋች ነበረ፤ ካናዳ ያለ ቡድን ወስዶት አንድ የውድድር ዘመን ተጫውቷል። ሆኖም ከማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጦ ፊቱ አልፈታ አለ። ነገሩን ምሕረት እየተረጎመች ነገረችን። አውሮፓ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ዙሪያህን አይተህ፣ አስበህ ታቀብላለህ። እዚያ ማዶ ካናዳ ግን ሜዳው ጠባብ ነው። ገና ቀና ሳትል ቁም ሣጥን የሚያክል ሰው መጥቶ ከግድግዳው ጋር ያጣብቅሃል። ይህንንስ እንደምንም ለመደው። ያልለመደው ሌላ ነው፤ ጓደኛህን የመታ ካለ ጓንትህን ጥለህ በቡጢ ትገጥመዋለህ። ኤሮ ጓንቱን ጥሎ አያውቅም። አሠልጣኙ «አንተ ጨዋ ልጅ ነህ» ብሎታል፤ በዚያ ሙያ ጨዋ ማለት ስድብ ነው። በመስከረም ልምምድ ያዩታል፤ ያው ጨዋ ሆኖ ከቀረ ወዳገሩ ይሸኙታል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኝ የኖረው ደግሞ እዚያ መጫወትን ነው።

እንዲገባን ብሎ የተቀዳ ጨዋታ ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈተልን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደዚያ ያለ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም። ሰዎቹ ይበራሉ። ወደ ኋላ እየሄዱ ወደ ፊት ከሚሮጥ ሰው ይፈጥናሉ፤ ወድቀው ሲነሡ መውደቃቸውን ለማየት ጊዜ አይሰጧችሁም። የዓባያ ሐይቅ ወፎች ውኃውን ሳይነኩ ሲያልፉ ዐይቼ እደነቅ ነበር፤ እነዚህ ጭራሽ ውኃውን ድንጋይ አድርገው ይሄዱበታል። አቶ ጎዳና አፋቸውን በእጃቸው ይዘው «ጌታ ሆይ» ይላሉ በቀስታ።

ድንገት ሁለት ተጫዋቾች ጓንታቸውን ወርውረው ይቧቀሱ ጀመር። እኛም በልጅነታችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያልን ተፈነካክተናል፤ ቢሆንም የሚገላግል አናጣም ነበር። እዚህ ሌላው ሁሉ ዳር ቆሞ ያያል።

«እነዚህ ባለ መስመር ሸሚዞች እነማን ናቸው?» አሉ አቶ ጎዳና።

«ዳኞች ናቸው፣ አባባ።»

«ምን ይጠብቃሉ?»

«አንዱ እስኪወድቅ።»

አቶ ጎዳና ተነሥተው ወጡ። ቧንቧው ሥር ካለው ለምለም ሣር ነጭተው ተመለሱና፣ ሣሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበረከኩ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በጋሞ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ጠብ እዚያው ያበቃል። የፈለገው ያህል የተቆጣ ጎረምሳ ቢሆን ያንን ሣር አልፎ አይሄድም።

«አባባ፣ የተቀዳ እኮ ነው» አለች ምሕረት። «ያለፈ ነገር ነው።»

«ቢያልፍስ? ይኸው እየተማቱ ነው።»

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ዋጥሁት። ያ ሁሉ ሰው የሚነሣላቸው ሽማግሌ፣ ስማቸውን እንኳ ለማያውቋቸው ሁለት ፈረንጆች ሲሉ ሲሚንቶ ላይ ተንበርክከዋል። ኤሮ ምክንያቱን ምሕረትን ጠየቃት፤ ነገረችው። ከዚያ እጁን ሰድዶ ምስሉን አቆመው። ቡጢው አየር ላይ ቀረ። አቶ ጎዳናም ጉልበታቸውን አራግፈው፣ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

ሊሄዱ ሲሉ ኤሮ አንድ ነገር ጠየቀ። በረዶ ላይ ሣር አይበቅልም፤ ታዲያ ምን ይደረጋል?

«ሣር ከጠፋ ባዶ እጅህን አሳይ» አሉት አቶ ጎዳና።

መስከረም ገባ። ምሕረት የሙከራ ጨዋታውን ቀድታ ላከችልንና ከአቶ ጎዳና ጋር ስልኬ ላይ አየነው። ሁለት ተጫዋቾች ተያያዙ። ዳኞቹ እንደ ልማዳቸው ቆሙ። ኤሮ ከሜዳው ጫፍ እየበረረ መጣ፤ ጓንቱን ግራና ቀኝ ወረወረ፤ ተመልካቹ አበደ። እሱ ግን መካከላቸው ገብቶ ተንበረከከና ሁለት ባዶ እጆቹን ዘረጋ። ሁለቱ ጎበዛዝት ምን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ተላቀቁ። እኔ እንባዬ መጣ፤ አላፍርም።

ለካስ እዚያ አገር ሁለት ሰው ሲደባደብ ሦስተኛ ሆኖ የገባ ከጨዋታ ይባረራል። የተደባደቡት አምስት አምስት ደቂቃ ዳር ተቀምጠው ተመለሱ፤ አስታራቂው እስከ መጨረሻው ተባረረ። ወይ ፍርድ! ኤሮም በቃኝ፣ አለቀልኝ ብሎ ሻንጣውን ሲሸክፍ አሠልጣኙ መጥቶ ትከሻውን መታው። «በመጨረሻ ጓንትህን ጣልክ!» አለው። መንበርከኩንማ ተንሸራቶ ነው ብለው አልፈውታል። ቡድኑ አስቀረው። ሊያስረዳቸው አስቦ ነበር አሉ፤ ግን ዝምተኛ የፊንላንድ ሰው ነዋ፣ ቃል እስኪያወጣ አሠልጣኙ ሄዷል።

«እንግዲህ አማችዎ ተደባዳቢ የሚል ስም ወጣለት» አልኳቸው አቶ ጎዳናን።

ባልዲያቸውን አነሡ።

«ጠቡስ ቆመ፣ መምህር?»

«ቆመ።»

«እንግዲያው ስሙን እንደፈለጉ ይጥሩት» አሉና ሣሩን ሊያጠጡ ወደ ቧንቧው ሄዱ።